ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር፦ ስለ ዘይት መቀየርና ስለ ሰርቪስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹን የጻፍኩት አገራችን ገጠር ለገጠር የሚመላለሰውን ባለ ዋን ኤች ዜድ ሞተር ሃርድቶፕና ፒክአፕ ላንድክሩዘር አስቤ ነው። ይህ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ፣ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት መብራቶች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኛውን ሕመሙን የሚናገረው በዘይቱ፣ በውሃውና በፊልትሮው በኩል ነው። ፓትሮል ወይም ሃይሉክስ ለምትነዱም አሠራሩ ያው ነው፤ የዘይቱን መጠንና ዓይነት ግን ከመኪናችሁ መጽሐፍ ላይ እዩ።

የሞተር ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር ልቀይር?

ጋራዦች የሚለጥፉት ወረቀት ላይ 5,000 ተብሎ ይጻፋል። አስፋልት ላይ ለሚውል መኪና ጥሩ ልክ ነው። ገጠር ለሚውል ግን ኪሎ ሜትር ያታልላል። እስቲ እናስላው፦ አስፋልት ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 5,000ውን የሚጨርሰው በ62 ሰዓት ተኩል ነው። ኮረኮንች ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየዳኸ የሚሄደው ደግሞ 250 ሰዓት ይፈጅበታል። ቆጣሪው ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ሁለተኛው ሞተር ግን አራት እጥፍ ሠርቷል፣ ያውም በመጀመሪያና በሁለተኛ ማርሽ፣ አቧራ እየማገ። ሰው እስኪመጣ ወይም ለኤሲ ተብሎ ቆሞ የሚሠራበት ሰዓት ደግሞ ከነጭራሹ አይቆጠርም።

ስለዚህ የገጠር መኪና ከሆነ በ3,000 ወይም በ4,000 ይቀይሩ። ብዙ ባይሄድም ከስድስት ወር አያሳልፉት።

ከቀየርኩ ሳምንት ሳይሞላው ዘይቱ ጠቆረ። ተታለልኩ?

አልተታለሉም። የናፍጣ ሞተር ዘይት ጥላሸቱን እየሰበሰበ በውስጡ ስለሚይዝ ቶሎ ይጠቁራል፤ መጥቆሩ ሥራውን እየሠራ ለመሆኑ ምልክት ነው። ሊያስደነግጥዎት የሚገባው ሌላ ነው፦ መለኪያው ላይ ዘይቱ ሳይጨመር ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ፣ ወይም የዘይት መሙያው ክዳን ውስጥ ወተት የመሰለ ነገር ከታየ መኪናውን አያንቀሳቅሱት።

የትኛውን ዘይት ልግዛ?

15ደብሊው-40 የሆነ፣ ለናፍጣ ሞተር የተሠራ ዘይት። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ምን ያህል እንደሚፈስ፣ ሁለተኛው ሲሞቅ ምን ያህል እንደሚወፍር ያሳያል። ጋሎኑ ጀርባ ላይ ሲአይ-4 ወይም ሲኤፍ-4 የሚል ካለ ለዚህ ሞተር ይሆናል። "ሞተሩ አርጅቷል፣ ወፍራም ይግባበት" ተብሎ 20ደብሊው-50 የሚሞላበት ጊዜ አለ። ጭሱን ለጊዜው ሊቀንሰው ይችላል፤ ያለቀ የፒስተን ሪንግ ግን አይመልስም።

ከምርቱ ስም ይልቅ ጭንቅ የሚሆነው ፎርጅዱ ነው። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ሲገዙ የክዳኑን ማሸጊያ፣ የጋሎኑን ጽሑፍና ክብደቱን በእጅዎ ያረጋግጡ። ዋጋው ከሌሎቹ ሱቆች በብዙ ከወረደ ይተዉት። ፊልትሮም እንዲሁ ነው። ጥሩ ፊልትሮ ውስጥ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዝ ጎማ አለ። በርካሹ ላይ ይህ ጎማ ወይ የለም ወይ ደረቅ ነው፤ ጠዋት ሲያስነሱ የዘይት መብራቱ ቶሎ አልጠፋ ይላል። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ሞተሩ በደረቁ እየተፋጨ ነው።

ራሴ መቀየር እችላለሁ?

ይችላሉ። ሞተሩን ለአሥር ደቂቃ ያህል ያሙቁት፤ ትኩስ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። የሚፈሰው ወደ 10 ሊትር ስለሚጠጋ ዕቃው ሰፊ ይሁን። አዲሱን ፊልትሮ ከመግጠምዎ በፊት ጎማውን በጣትዎ ዘይት ይቀቡት፣ አሮጌው ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን አይተው በእጅ ብቻ ያጥብቁት። የማፍሰሻው ቡሎን ቀለበት አንዴ ከተጨመቀ በኋላ ደግሞ አይሠራም፣ አዲስ ያስገቡ። ሁለት ባለ 5 ሊትር ጋሎን ይግዙ፤ ሁለተኛውን ግን መለኪያውን እያዩ በትንሽ በትንሹ ይጨምሩ። ሞተሩን አስነስተው ካጠፉት በኋላ አምስት ደቂቃ ጠብቀው እንደገና ይለኩ። ከልኩ በላይ የሞላ ዘይት በክራንኩ (በሞተሩ ዋና ዘንግ) ተመትቶ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ አያለሰልስም።

ወንዝ ተሻገርኩ። የዲፈረንሻል ዘይት መቀየር አለበት?

ከሁሉም ጥያቄዎች ሰው በደንብ እንዲሰማኝ የምፈልገው ይህን ነው። ውሃው ከጎማው መሃል በላይ ደርሶ ከነበረ፣ አዎ፣ ቢያንስ ፈትቶ ማየት ግድ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሰዓታት የተነዳ መኪና ዲፈረንሻሉ (አክሱ መሃል ያለው፣ ጉልበቱን ለጎማዎቹ የሚያካፍለው የማርሽ ሳጥን) ከመጋሉ የተነሣ እጅ አያስነካም። ወንዝ ውስጥ ሲገባ ባንዴ ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ ከውጭም አየር ይስባል። ለዚህ ተብሎ አክሱ ላይ ትንሽ መተንፈሻ ተሠርቷል፤ እሷ ጭቃ ከደፈናት ወይም ውሃ ውስጥ ከሰጠመች የሚሳበው አየር ሳይሆን ውሃ ነው። ያረጀ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዝ የጎማ ቀለበት) ካለም በዚያ በኩል ይገባል።

ከዓመታት በፊት በክረምት መግቢያ ላይ ቱርሚ አካባቢ አንድ አሸዋማ ወንዝ ተሻገርን። አዲስ አበባ ስንገባ "ዘይቱ ገና ነው፣ ምንም አልሄደም" ብለን ተውነው። ከሁለት ወር በኋላ የኋላው ዲፈረንሻል ማጉረምረም ጀመረ፣ ነዳጅ ሲለቀቅለት ድምፁ ይለወጣል። የማፍሰሻውን ቡሎን ስንፈታ መጀመሪያ የወጣው ዘይት አልነበረም፤ ግማሽ ብርጭቆ የሚሆን ጥርት ያለ ውሃ ነበር። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ሥር ተቀምጦ ኖሯል። ተከትሎ የወጣው ማኪያቶ የመሰለ ነገር ነው። የቡሎኑ ማግኔት ላይ የተሰበሰበውን ጥቁር ቅባት በጣቴ ሳሸው በውስጡ የሚያብለጨልጭ የብረት ቅርፊት ነበር። ኩሽኔታዎቹ ዝገው ተበልተዋል። ለመቀየር የሰሰትነው ዘይት ጥቂት ሊትር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ የማደርገውን ልንገራችሁ። ወንዝ ዳር ስደርስ ወርጄ ጥልቀቱን ሳይ፣ ሰው ስጠይቅ፣ እግረ መንገዴን መኪናው ሩብ ሰዓት ያህል ይቀዘቅዛል። ማደሪያ ከደረስኩ በኋላ ጠዋት መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት፣ ሌሊት ውሃው ረግቶ እያለ፣ የማፍሰሻውን ቡሎን በጥቂቱ ላላ አደርጋለሁ። ውሃ ካለ መጀመሪያ የሚንጠባጠበው እሱ ነው። ጥርት ያለ ዘይት ከወጣ መልሼ አጠብቃለሁ። የተበጠበጠ ዘይት ካየሁ ግን ባገኘሁት የመጀመሪያ ከተማ ይቀየራል። መተንፈሻውን በጎማ ቱቦ ወደ ላይ፣ ወደ ሞተሩ ክፍል ማሳደግ ይቻላል፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ ማንኛውም መካኒክ ይሠራዋል።

ወንዝ ባይሻገሩም በየ20,000 ኪሎ ሜትር የፊቱንም የኋላውንም ይቀይሩ። የሚገባው ጂኤል-5 የሚል ወፍራም የማርሽ ዘይት ነው፣ በተለምዶ 80ደብሊው-90 ወይም 85ደብሊው-90። ኤልኤስዲ ዲፈረንሻል (አንዱ ጎማ ብቻውን በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚይዝ) ከሆነ ለእሱ የተሠራ ዘይት አለ።

ለምን መካኒኩ ከማፍሰሻው በፊት የመሙያውን ቡሎን ፈታ?

አዋቂ መካኒክ ስለሆነ። የመሙያው ቡሎን ለዓመታት ሳይነካ ዝጎ ሊሆን ይችላል። ዘይቱን አፍስሰው ከጨረሱ በኋላ መሙያው እምቢ ካለ፣ ወይም ጥርሱ ከተላጠ፣ መኪናው ያለ ዘይት ቆሞ ቀረ ማለት ነው፤ ገጠር ከሆነ ደግሞ ብየዳ ፍለጋ ነው። መሙያው መፈታቱ ሲረጋገጥ ብቻ ማፍሰሻው ይፈታ። ልኩ ደግሞ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ዘይቱ መሙያው ቀዳዳ አፍ ድረስ ሲደርስ ነው። ጣትዎን አስገብተው ጫፉን ከነካዎት በቂ ነው።

የካምቢዮውስ?

በየ40,000 ኪሎ ሜትር። ለካምቢዮ መጽሐፉ የሚለውን ዓይነት ብቻ ይጠቀሙ። የዲፈረንሻሉ ትርፍ ዘይት ስላለ ብቻ ለሁሉም አይሙሉት፤ አንዳንድ ካምቢዮ ውስጥ ያሉትን የናስ ቀለበቶች ለዲፈረንሻል የተሠራ ጠንካራ ዘይት ይበላቸዋል።

አንድ ነገር ያስተውሉ። ከካምቢዮው የወጣው ዘይት ጎድሎ፣ ከትራንስፈሩ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ከሚያካፍለው ሳጥን) የወጣው ደግሞ ከልኩ በልጦ ከተገኘ፣ ዘይት በውጭ አልፈሰሰም። በሁለቱ መካከል ያለው ኦይል ሲል አልቆ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ነው። መሬት ላይ ጠብታ ስለማይታይ ብዙ ሰው ካምቢዮው እስኪጮህ አያውቅም። ስለዚህ የወጣውን ዘይት በተለያየ ዕቃ ያስቀምጡና ይለኩት።

ግሪስ የት የት ነው የሚመታው?

በትራስሚሲዮኑ (ከካምቢዮው በኩል ወደ ዲፈረንሻል በሚሄደው ዘንግ) መታጠፊያዎች፣ ማለትም ክሮቼራዎቹ፣ እና በተንሸራታቹ ላይ ባሉት የግሪስ መምቻ ኒፕሎች፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትር፤ ጭቃና ውሃ ካገኘው ወዲያው። አሮጌው ግሪስ በጠርዙ ብቅ እስኪል ይምቱ። የሚወጣው ቀይ ዝገት የመሰለ ከሆነ ክሮቼራው ውሃ ገብቶበታል።

ከፊት ጎማ ጀርባ ያለው ትልቅ ክብ ብረትም ግሪስ የሚይዝ ክፍል ነው። እንደ ወትሮው በስሱ ቅባት ተሸፍኖ ከታየ ጤነኛ ነው። እንደ ሽሮ ቀጥኖ ወደ ጎማው እየተንጠባጠበ ከሆነ የዲፈረንሻሉ ዘይት በውስጠኛው ሲል አልፎ ከግሪሱ ጋር ተቀላቅሏል። ከላይ ግሪስ እየጨመሩ መሄድ መፍትሔ አይደለም፤ ተፈቶ፣ ታጥቦ፣ ሲሉ ይቀየር።

በረዶ በሌለበት አገር ኩላንት ምን ያደርጋል? ውሃ አይበቃም?

አይበቃም። ኩላንት ከመርጋት መከላከሉ ለእኛ ትንሹ ጥቅሙ ነው። ዝገት ይከላከላል፣ የውሃ ፓምፑን ያለሰልሳል፣ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርጋል። ይህ የመጨረሻው እኛን በጣም ይመለከተናል። ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ በ92 ገደማ፣ ባሌ ሳኔቲ አምባ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ በ87 ገደማ። ከዚያ ወርደው ከባሕር ጠለል በታች ወደሆነው ዳሎል ቢገቡ ደግሞ የአየሩ ሙቀት ራሱ ጠላት ነው። አንድ መኪና በአንድ ወር ውስጥ ሁለቱንም ሊያይ ይችላል።

ከፍታ ላይ የሚያድነን የራዲያተሩ ክዳን ነው። ወደ 1 ባር የሚጠጋ ግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ወደ 20 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ጎማው የደረቀ ክዳን ይህን ግፊት አይይዝም፤ ሰው ግን ቴርሞስታት (የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቫልቭ) ያስወጣል፣ ራዲያተር ያስቀይራል። መጀመሪያ ክዳኑን ይቀይሩ። (ቴርሞስታት አስወጥቶ መንዳትም ልማድ ሆኗል፤ እባካችሁ ተዉት። ሞተሩ የሥራ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ ይውላል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል።)

ኩላንቱ እኩል በእኩል ከዲስትልድ ውሃ ጋር ይደባለቅ፣ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፤ ቀይና አረንጓዴ አይቀላቀል። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ብዙ ጊዜ ጨዋማ ስለሆነ ለድንገተኛ ብቻ ይሁን፤ ከሞሉት ሲመለሱ ያጥቡት። ራዲያተሩ በውጭም ይታፈናል፣ የሣር ፍሬና ጭቃ ክንፎቹ መካከል ይገባል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ ውሃ ይልቀቁበት። የጋለ ራዲያተር ክዳን ግን ማንም ቢቸኩል አይከፈትም።

ዓባይ በረሃ ስወርድ የፍሬን ፔዳሉ እየለሰለሰ መጣ። ለምን?

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፤ እርጥበት የጠጣው ግን በ140 ሊፈላ ይችላል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ፣ ወይም ከደባርቅ በሊማሊሞ ሲወርዱ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ እግርዎ ፍሬኑ ላይ ከዋለ ዘይቱ እዚህ ሙቀት ላይ መድረሱ አይቀርም። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ የሚገባው ለዚህ ነው። ያኔ ቶሎ ቶሎ ፓምፕ ያድርጉ፣ ማርሽ ይቀንሱ፣ ዳር ይዘው ይቁሙና እስኪበርድ ይጠብቁ።

በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፣ የፍሪሲዮኑም አብሮ። ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስ አይጠቀሙ። ቁልቁለቱን ደግሞ በወጡበት ማርሽ ይውረዱት።

በጀሪካን የተገዛ ናፍጣ ሞላሁ። ምን ላድርግ?

የነዳጅ ፊልትሮው ሥር ያለውን የውሃ ማውጫ በየሳምንቱ ይክፈቱት፤ የናፍጣ ውሃ መብራቱ ከበራ ደግሞ ያኔውኑ። የወጣውን በግልጽ ብርጭቆ ወይም በውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ያጠራቅሙ፣ ትንሽ ይቆይ፤ ውሃ ካለ ከሥር ይለያል። ፊልትሮውን በየ10,000 ይቀይሩ፤ አንድ ትርፍ ሁልጊዜ መኪናው ውስጥ ይኑር። ከቀየሩ በኋላ ፊልትሮው አናት ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ይምቱ፣ ከዚያ ያስነሱ።

ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ መኪናውን ያስኬደዋል፣ ፓምፑን ግን ይጎዳዋል። የዚህ ሞተር ፓምፕ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው፤ ላምባ ቀጭን ነው።

የአየር ፊልትሮውን በኮምፕሬሰር ባስነፋው ይበቃል?

ለተወሰነ ጊዜ። ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በቀስታ፣ አፈሙዙን ሳያስጠጉ። ወረቀቱን በውሃ አይጠቡ። ካስነፉት በኋላ ውስጡ አምፖል አስገብተው ጨለማ ውስጥ ይዩት፤ እንደ ኮከብ የሚያበራ ነጥብ ካለ ይጣል።

ከፊልትሮው እስከ ሞተሩ ያለው ቧንቧ ግን ይረሳል። ማሰሪያውን አላልተው የቧንቧውን ውስጥ በነጭ ጨርቅ ይጥረጉ። ጨርቁ ላይ ቡናማ ዱቄት ከመጣ፣ አቧራ ፊልትሮውን አልፎ ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ነው። ከሪንግና ከሲሊንደር ጋር የሚፋጨው እሱ ነው። ኦሞ ወይም አፋር ውስጥ ተከታትለው ሲነዱም ከፊት ካለው መኪና አቧራ ይራቁ፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር ርቀት ፊልትሮውን በእጥፍ ያቆየዋል ብዬ አምናለሁ።

ዳሽቦርዱ ላይ ቲ ቤልት የሚል መብራት በራ።

100,000 ኪሎ ሜትር ሞላው ማለት ነው፤ የታይሚንግ ቺንጋው ይቀየር። መብራቱን አጥፍቶ መንዳት ቺንጋውን አያድሰውም። ያገለገለ መኪና ሲገዙ መቼ እንደተቀየረ ማረጋገጫ ካላገኙ አልተቀየረም ብለው ይነሱ።

መኪናው አዲስ አበባ ነው የሚውለው፣ ፎር ዊል አያስፈልገኝም።

በወር አንዴ፣ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል፣ የፊት ጎማዎቹን ሎክ አድርገው፣ ፎር ዊሉን አስገብተው ይንዱት። ቆሞ የቆየ ማርሽ ላይ የነበረው ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ ሲሎቹም ይደርቃሉ። ኮረት ወይም አፈር መንገድ ላይ ይሁን እንጂ ደረቅ አስፋልት ላይ አይሆንም፤ ፊትና ኋላው እርስ በርስ ይታገላሉ።

ያፈሰስኩትን ዘይት የት ልጣለው?

ቦይ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር ወይም ግቢ ውስጥ አይደፋ። አንድ የመኪና ሰርቪስ 10 ሊትር ነው፤ በታችኛው መንደር ያሉ ሰዎች ከሚቀዱት ውሃ ጋር ይገናኛል። ክዳን ባለው ጀሪካን አጠራቅመው የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይስጡ። ካምፕ ላይ የቀየሩ እንደሆነ ይዘውት ይመለሱ፤ ጀሪካኑ ላይም "የተቃጠለ ዘይት" ብለው በትልቁ ይጻፉበት፣ ገጠር ውስጥ ባዶ ጀሪካን ታጥቦ ለውሃ ይውላልና።